እማሆይ ወለተ ሚካኤል ካርቱም የሄዱ ጊዜ

በ1959 ዓ.ም. በየካቲት ወር ከእስቴ ተነስተን ካርቱም ድረስ ሄደን ሰንጠረዥ የተጫወትን አራት ተማሪዎች ነበርን፦ ደምሌ፣ ይግዛው፣ ውብነሽ እና እኔ ቢሻው። ስለዚያ ጉዞ ሰው ሲጠይቀኝ ስለ ጨዋታው ብዙም አላወራም። የማወራው ስለ እማሆይ ወለተ ሚካኤል ነው። እሳቸው ባይኖሩ ካርቱም ቀርቶ ደብረ ታቦርም አንደርስም ነበር።

እማሆይ የተወለዱት ስማዳ ውስጥ፣ ከወገዳ የግማሽ ቀን መንገድ በሚርቅ መንደር ነው። እናታቸው ሲሞቱባቸው ዘጠኝ ዓመታቸው ነበር። አጎታቸው በቅሎ ላይ አፈናጥጦ እስቴ አመጣቸውና ዘመድ ነን ብሎ ለፊታውራሪ ቀለመ ወርቅ ቤት ሰጣቸው። ፊታውራሪ በዚያው ዓመት ከሰገሌ ጦርነት ጭናቸውን ቆስለው ተመልሰው አልጋ ይዘው ነበር። እግራቸው እንደማይድን ሲገባቸው አደኑንም ጉግሱንም እርግፍ አድርገው ትተው ከጧት እስከ ማታ ሰንጠረዥ መጫወት ያዙ። የልጅቱም ሥራ ገበታውን መዘርጋት ሆነ። ገበታው በቀይ ጨርቅ ላይ በጥቁር ጥለት የተሰመረ ነው፤ ተዋጊዎቹ ደግሞ ከቀንድ የተቀረጹ ናቸው። ንጉሡን ከመሐል፣ አማካሪውን ፈርዙን ከጎኑ፣ ዝሆን የሚባሉትን ፊሎች፣ ፈረሶቹን፣ በየዳሩ ጉልበተኞቹን ደሮች፣ ከፊት ደግሞ ትንንሾቹን መደቆች ትደረድራለች። እንግዳ ያልመጣ ቀን ፊታውራሪ «ነይ እስቲ፣ በወዲያ በኩል ተቀመጭና ግፊልኝ» ይሏታል። መጀመሪያ ያሏትን ብቻ ትገፋ ነበር። ቆይቶ የራሷን መግፋት ጀመረች።

«አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላኝ አሸነፍኳቸው» ይሉን ነበር እማሆይ። «ሰው እንዳለ ብለው ወደ በሩ ዞር አሉ። ኋላ ‹ለማንም እንዳትናገሪ› አሉኝ።» ይህን ሲነግሩን ፊታውራሪ ከሞቱ ስንትና ስንት ዓመት አልፏል፤ ግን እዚያች ላይ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር።

በኋላ ተዳሩ፤ ሁለት ልጅ ወልደው ሁለቱንም ፈንጣጣ ወሰደባቸው። ባላቸውም በጣሊያን ጊዜ ወጥተው ሳይመለሱ ቀሩ። እሳቸው መነኮሱና ከመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር አንዲት ጎጆ ቀልሰው ጥጥ እየፈተሉ ኖሩ። ፊታውራሪ ሲሞቱ የተናዘዙላቸውን ገበታ በጨርቅ ጠቅልለው ከዳዊታቸው አጠገብ አስቀምጠውት ነበር። የሚጫወታቸው ሰው ግን አልነበረም።

መምህር ዳኛቸው ወደ ትምህርት ቤታችን የመጣው በ1957 ነው። ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር። አሁን ሳስበው እሱም ልጅ ነበርና እርስዎ ባልለው የሚቀየመኝ አይመስለኝም። ከደብረ ታቦር ሲመጣ አንድ የፈረንጅ ሰንጠረዥ መማሪያ መጽሐፍና ከካርቶን የተሠራ ገበታ ይዞ መጣ። ከትምህርት በኋላ ከዛፍ ሥር ሰብስቦ ያስተምረን ጀመር። አንድ ቀን እማሆይ ከምንጭ ውሃ ቀድተው ሲመለሱ በአጥሩ በኩል አዩንና ቆሙ። እንስራቸውን አወረዱ። ከዚያ ገቡ።

«መምህር፣ ይሄ ፊል ምን ነክቶት ነው እንዲህ የሚሮጠው? ሁለት ዘሎ መቆም ነው እንጂ ሥርዓቱ።»

«አዲሱ ሕግ ነው እማሆይ። መንገዱ ክፍት ከሆነ እስከ ዳር ይሄዳል።»

«ፈርዙስ?»

«ፈርዝ የሚባል የለም። አሁን ንግሥት ናት። በፈለገችው በኩል የፈለገችውን ያህል ትሄዳለች።»

«ንጉሡስ?»

«እሱ አንድ አንድ እርምጃ ብቻ።»

እማሆይ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሳቁ። «ንጉሡ እንደ ቁስለኛ ቁጭ ብሎ ንግሥቲቱ አገር ታዳርሳለች? ይሄማ የፊታውራሪ ቤት ነው! እሳቸው ከአልጋ፣ እመቤቲቱ ከበቅሎ። እስቲ ወዲያ በል፣ አሳየኝ።»

የዚያን ቀን ሁለት ጊዜ ተሸነፉ። በማግስቱ አንድ ጊዜ ተሸንፈው አንድ ጊዜ እኩል ወጡ። በሦስተኛው ቀን መምህር ዳኛቸውን አሸነፉት። እሱም ከረባቱን ፈታ አድርጎ «እማሆይ፣ እነዚህን ልጆች እርስዎ ያስተምሩልኝ» አላቸው።

ትምህርታቸው እንደ መጽሐፉ አልነበረም። በፊታውራሪ ቤት ጨዋታ ሲጀመር ተራ መጠበቅ የለም፤ የመጀመሪያው ተዋጊ እስኪገደል ድረስ ሁለቱም ወገን እንዳሻው ይገፋል። ተራ መጠበቅን እሽ ብለው የተቀበሉት ከብዙ ክርክር በኋላ ነው። «ጠላት መጥቶ ‹አሁን ያንተ ተራ ነው› ይልሃል?» ይሉ ነበር። ዝምታን ግን ከቶ አልተቀበሉም። ስንጫወት ቆመው ያሞግሱናል፣ ይሰድቡናል፣ ፈረሱን በስም ይጠሩታል። «ዝም ተብሎማ ጸሎት ነው እንጂ ጨዋታ አይደለም» ነው የሚሉት። አንድ ሌላም ነገር ነበራቸው። የተቃራኒን ንጉሥ በደር መያዝ ያሳፍራል።

«በደርማ ማንም ይይዛል። በትልቅ ዱላ ትንሽ ልጅ እንደ መምታት ነው። የጨዋ ልጅ ንጉሥን በመደቅ ነው የሚይዝ፤ ቢያቅተው በፊል።»

ይህ ነገር ከሁላችንም ይልቅ የገባው ለውብነሽ ነው። ውብነሽ የአቶ ተክሌ ልጅ ናት፤ አሥራ አራት ዓመቷ፣ ቁጥብ፣ ስታስብ የሹሩባዋን ጫፍ የምታኝክ። ሦስታችን ለማሸነፍ ስንጣደፍ እሷ ትንሿን መደቅ አንድ አንድ እያለች ገፍታ ገፍታ ንጉሡን ታንቀዋለች። እማሆይ ያን ሲያዩ ጭንቅላቷን ዳብሰዋት ወደ ጥጣቸው ይመለሳሉ።

በ1959 ጥር ላይ ካርቱም ያለ አንድ ትምህርት ቤት የጎረቤት አገር ተማሪዎችን ለሰንጠረዥ ውድድር መጥራቱ ተሰማ። ጥሪው ለጠቅላይ ግዛታችን ደረሰና ጎንደር ላይ ማጣሪያ ተደረገ። የከተማ ልጆች ጫማችንን አይተው ስቀውብን ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ግን የሚስቅ አልነበረም። አሸንፈን ተመለስን። ደስታችን የቆየው እቤት እስክንደርስ ነው። አቶ ተክሌ ልጄ የትም አትሄድም አሉ።

እማሆይ መምህር ዳኛቸውንና እኛን አስከትለው አቶ ተክሌ ዘንድ ሄዱ። ሰውየው አውድማ ላይ ነበሩ፤ በሬዎቹ ገብሱን እያበራዩ ይዞራሉ።

«ጎንደር ስትሄድ ዝም አልኩ» አሉ አቶ ተክሌ። «ጎንደር አክስቷ አለች። ካርቱም ማን አላት?»

«እኔ አለኋት» አሉ እማሆይ።

መምህር ዳኛቸው ዞር ብሎ አያቸው። እሱም ገና መስማቱ ነበር።

«እርስዎ? ከመነኮሱ ወዲህ ከዚህ ቀዬ ወጥተው ያውቃሉ?»

«አላውቅም። እግሬ አልደከመም ማለት ነው።»

አቶ ተክሌ መንሹን አፈር ላይ ተከሉት። «እማሆይ፣ አይቀየሙኝ። ወንዶቹ ይሂዱ። ሰንጠረዥ ለሴት ልጅ ምን ይሠራላታል?»

እማሆይ ከነጠላቸው ሥር ጥቅሉን አውጥተው ቀዩን ገበታ ከገለባው አጠገብ ዘረጉት። «ተክሌ፣ አንተም በልጅነትህ ደህና ትጫወት ነበር ይላሉ። ከልጅህ ጋር አንድ ጊዜ ግጠም። ካሸነፍካት ትቅር።»

አቶ ተክሌ ሳቁ። ሲቀመጡ የሚያበራዩት ሰዎች ሥራቸውን ትተው ከበቡ። ውብነሽ ከአባቷ ፊት ለፊት በርከክ አለች፤ ቀና ብላ አላየቻቸውም። የመጀመሪያው ጨዋታ ቶሎ አለቀ። «ዓይኔ ላይ አቧራ ነበር፤ እንደገና ደርድሪ» አሉ አቶ ተክሌ። ሁለተኛው ዘለግ አለ፤ መጨረሻ ላይ ግን ከልጃቸው መደቆች አንዷ ከንጉሣቸው ፊት ቆማ ነበር። በሬዎቹ ተፈተው ገለባውን ሲበሉ አንድም ሰው አላያቸውም። አቶ ተክሌ ጢማቸውን እያሻሹ ገበታውን አዩ፤ ቀጥሎ ልጃቸውን አዩ፤ ልክ ያን ቀን ከሌላ አገር የመጣች እንግዳ እንደሚያዩ ሁሉ።

«ማን አስተማረሽ ይሄንን?» አሏት ቀስ ብለው።

ውብነሽ በአገጯ ወደ እማሆይ አመለከተች።

«እንግዲያ ሂጂ። ከእማሆይ ነጠላ አንድ ክንድ እንዳትርቂ።»

የቀረው የእማሆይ ነፍስ አባት የአባ ተክለ ማርያም ፈቃድ ነበር። አባ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ ካርቱም ቤተ ክርስቲያን አለ ወይ? መምህር ዳኛቸው የግብፆች ቤተ ክርስቲያን እንዳለ ሲነግራቸው «ጸሎትሽን እንዳታጓድዪ፤ የቀረውን እሱ ያውቃል» ብለው ባረኳቸው።

ደብረ ታቦር በእግርና በበቅሎ፣ ከዚያ ጎንደር በጭነት መኪና ሄድን። እማሆይ ከጆንያ ላይ ተቀምጠው አቧራውን እንደ ዝናብ በነጠላቸው እየተከላከሉ ውዳሴ ማርያም ይደግማሉ። ጎንደር ለፓስፖርት ፎቶ ስንነሳ ፎቶ አንሺው ቆብዎን ያውልቁ አላቸው።

«ሳላወልቅ አንሳኝ።»

«ጸጉር መታየት አለበት እናቴ።»

«ጸጉር የለኝም። የሌለኝን ከየት ላምጣልህ?»

ፎቶ አንሺው ተሸነፈ። ፓስፖርቱ ላይ ከነቆባቸው ኮስተር ብለው፣ ፎቶ አንሺውን እየተቆጡት ይታያሉ። የትውልድ ዘመን ሲጠየቁ ፊታውራሪ ከሰገሌ ሲመለሱ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር ብለው መለሱ፤ ጸሐፊውም ጣቱን እየቆጠረ አስልቶ ጻፈ።

አውሮፕላኑ መጀመሪያ አስመራ፣ ቀጥሎ ካርቱም ነበር የሚሄደው። ሲነሳ ይግዛው ዓይኑን ጨፈነ፤ ደምሌ አስታወከ። ደምሌ የታች ጋይንት ልጅ ነው፤ በአርብ ገበያ መንገድ ገደል ዳር የሚሮጥ፣ ምንም የማይፈራ የሚመስል። እማሆይ በሶ በጥብጠው አፉን አስጉመጠመጡትና ገበታውን ከጭናቸው ላይ ዘረጉ። «ና ደርድር። ዓይንህ ሥራ ካገኘ ሆድህ ያርፋል።» እውነትም አረፈ። እሳቸው አንድ ጊዜ ብቻ በመስኮቱ ወደ ታች አዩ። «ይሄን ሁሉ አገር ማን ያርሰዋል?» አሉና ወደ ጨዋታው ተመለሱ።

ካርቱም ሞቃት ነበር። የትምህርት ቤቱ ማደሪያ ሰፊ ግቢ፣ ጥላ ያላቸው ረጃጅም ዛፎች ነበሩት። ያረፍን ዕለት ወንዙን አሳዩን። «ዓባይ ነው» አላቸው መምህር ዳኛቸው። እማሆይ በስማዳ በረሃ ሲያልፍ በልጅነታቸው ያዩት ወንዝ በገደል መካከል የሚያጓራ ነበር። ይህ ግን ጀልባ ተሸክሞ ዝም ብሎ ይሄዳል። «ደክሞት ይሆናል» አሉ። «ስንት ቀን ተጉዟል።»

አምስት ቡድን ነበርን፤ ሁለቱ ከካርቱም፣ አንዱ ከካይሮ፣ አንዱ ከናይሮቢ። ውድድሩ አራት ቀን ነው፤ በየቀኑ አራታችን ከአራት ልጅ ጋር እንገጥማለን። አዳራሹ ስንገባ በየጠረጴዛው ላይ ሁለት ፊት ያለው ሰዓት ተቀምጧል። አንዱ ተጫውቶ ሲጫነው የሌላው ይቆጥራል፤ ጊዜ የጨረሰ ጨዋታው ምንም ያማረ ቢሆን ተሸነፈ። መምህር ዳኛቸው በቃል ነግሮን ነበር፤ በዓይናችን ስናየው ግን የመጀመሪያችን ነው። እማሆይ በተመልካች ወንበር ተቀምጠው ሰዓቱን በጎሪጥ ያዩታል።

የመጀመሪያው ቀን ከናይሮቢ ልጆች ጋር ነበር። አዳራሹ ጸጥ ብሏል። ደምሌ በፈረሱ ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ ሲይዝ ግን ከኋላ «አይ የጋይንት ልጅ! አየኸው ፈረሱን! ግባበት!» የሚል ድምፅ ተሰማ። አዳራሹ በሙሉ ዞረ። ዳኛው፣ መነጽር ያደረጉ ረጅም ሱዳናዊ፣ መጥተው ለመምህር ዳኛቸው በእንግሊዝኛ አንሾካሾኩለት። እሱም ለእማሆይ ነገራቸው። እሳቸውም እሽ አሉ። አፋቸውንም በነጠላቸው ጠቅልለው ተቀመጡ።

ግማሽ ሰዓት እንኳ አልቆየም። ይግዛው ንግሥቱን አንስቶ ንጉሡን ባዶ ሊያስቀር ሲል እማሆይ ሳያውቁት ከወንበራቸው ብድግ ብለው «ኧረ ንጉሥህን!» አሉ። ይግዛው እጁን መለሰ።

ዳኛው ሰዓቱን አቆሙ። ሕጉ ግልጽ ነበር፤ ምክር የተሰጠበት ጨዋታ እንደ ተሸነፈ ይቆጠራል፤ ምክር የሰጠውም ሰው ውድድሩ እስኪያልቅ አዳራሽ አይገባም። ዳኛው ይህን ሲናገሩ ራሳቸው ያፈሩ ይመስሉ ነበር። እማሆይን በሁለት እጃቸው መንገድ እያሳዩ እስከ በሩ ሸኟቸው። የዚያን ቀን ሦስት ለአንድ ተሸነፍን።

ከአዳራሹ ስንወጣ እማሆይን ያገኘናቸው ከግቢው ዛፍ ሥር ፊታቸውን ወደ ግንዱ አዙረው ነው። ሲያለቅሱ አይቻቸው አላውቅም ነበር።

«ይግዛውን ያሸነፈው ያ ልጅ አይደለም» አሉ። «እኔ ነኝ። ስንት አገር አቋርጬ መጥቼ የገዛ ልጄን አሸነፍኩት። መምህር፣ ነገ በመጣንበት ላከኝ።»

ይግዛው ከአጠገባቸው ተቀመጠ። «እማሆይ፣ ባይናገሩም ልሸነፍ ነበር እኮ። ንጉሤን ባዶ ላስቀረው ነበር።»

«አውቃለሁ!» አሉ፤ እንባቸው ሳይደርቅ ተቆጥተው። «ስንት ጊዜ ነገርኩህ!»

ደምሌ ፈገግ አለ፤ ቀጥሎ እኔ፤ መጨረሻ ላይ ራሳቸውም። መምህር ዳኛቸው ከፊታቸው ተንበረከከ። «እርስዎ ከሄዱ ውብነሽም መሄዷ ነው። ለአቶ ተክሌ ቃል ገብተዋል።» እንባቸውን ጠርገው ቀሩ።

በማግስቱ እኛ አዳራሽ ስንገባ እሳቸው ግቢው ውስጥ ቀሩ። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ዑስማን የሚባሉ ጥምጣማቸው የነጣ ሽማግሌ ነበሩ። አሸዋው ላይ በጣታቸው ትንንሽ ጉድጓድ ቆፍረው በጠጠር የሚጫወቱት ጨዋታ አላቸው። እማሆይ መጀመሪያ ከሩቅ ሲያዩ ቆዩ፤ ኋላ ተጠጉ፤ ኋላ ተቀመጡ። እሳቸው ዐረብኛ አያውቁ፣ ዑስማን አማርኛ አያውቁ። እኩለ ቀን ላይ ከአዳራሹ ሆነን ከግቢው ጩኸት ሰማን። ሁለቱም በየቋንቋቸው እየተሰዳደቡ፣ ጠጠራቸውን እያሞገሱ ይጫወታሉ። ዳኛው ዝም ሊያሰኟቸው ራሳቸው ወጡ። ጩኸቱ ግን አልቆመም፤ ዳኛውም ቶሎ አልተመለሱም። በመስኮት ሳይ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመው ጨዋታውን ያያሉ።

ያን ቀን የካይሮን ልጆች ማሸነፋችን እስካሁን ይገርመኛል። በሦስተኛው ቀን ከካርቱም ቡድኖች አንዱ አሸነፈን። የመጨረሻው ቀን ከባለቤቱ ትምህርት ቤት ቡድን ጋር ነበር፤ ካሸነፍን ሦስተኛ፣ ከተሸነፍን መጨረሻ ነን። ደምሌ አሸነፈ፣ እኔ ተሸነፍኩ፣ ይግዛው እኩል ወጣ። ሁሉም በውብነሽ እጅ ቀረ።

ሦስታችን ከኋላዋ ቆምን። የልጁ ንጉሥ ጥግ ተይዟል። የውብነሽ ደር አንድ ጊዜ ቢነሳ ጨዋታው ያልቃል። እኔ አየሁት፤ ደምሌም አይቶታል፤ ክንዴን እየቆነጠጠኝ ነው። እሷ ግን ደሩን አላነሳችም። በወዲያ ዳር ያለችውን ትንሿን መደቅ አንድ እርምጃ ገፋች። ልጁ ንጉሡን አንቀሳቀሰ። እንደገና መደቋን ገፋች። በሰዓቷ ላይ ያለችው ቀይ ምልክት ቀስ እያለች ቀና ማለት ጀምራለች፤ ስትወድቅ አለቀ። ውብነሽ ሹሩባዋን እያኘከች ገበታውን እንጂ ሰዓቱን አታይም። መናገር አንችልም። መምህር ዳኛቸው ፊቱን በመሐረብ ይጠርጋል።

ከውብነሽ ትይዩ መስኮት ነበር። ዓይኔን ሳነሳ እማሆይ ከውጭ ቆመዋል። ገበታውም ሰዓቱም ይታያቸዋል። አፋቸው ተከፈተ። አሁን ይናገራሉ ብዬ ፈራሁ። እሳቸው ግን ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ፤ ዓይናቸውም እንዳይናገር ፈርተው ነው መሰል፣ ዞረው ጀርባቸውን ሰጡን። ትከሻቸው ብቻ ይታይ ነበር።

ውብነሽም ቀና ስትል ያንን ጀርባ አየች። ኋላ ስጠይቃት «ሁልጊዜ ከኋላዬ ቆመው የሚነግሩኝ ነበሩ። ጀርባቸውን ሳይ ብቻዬን መሆኔ ገባኝ» አለችኝ። ያኔ ነው ወደ ሰዓቱ ያየችው። ደነገጠች። ደሩን አነሳችና ከንጉሡ መስመር ላይ አስቀመጠች። ልጁ ለአፍታ ገበታውን አይቶ ተነሳ፤ እጁን ዘረጋላት።

አዳራሹ ሲያጨበጭብ እሷ ወደ በሩ ሮጠች። ተከትለናት ስንወጣ ከእማሆይ እግር ሥር ነበረች።

«ይቅር ይበሉኝ እማሆይ። በደር ነው የያዝኩት።»

እማሆይ ጎትተው አስነሷት። ፊቷን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉላት።

«ልጄ፣ ፊታውራሪ ሰዓት አልነበራቸውም» አሏት። «ቢኖራቸው እሳቸውም በደር ይይዙ ነበር።»

ሽልማት ሲሰጥ ዳኛው እማሆይን ከግቢው አስጠርተው ከራሳቸው አጠገብ አስቀመጧቸው። ሦስተኛ ለወጣን ከእንጨት የተሠራች ትንሽ ጋሻ ሰጡን። እማሆይ ጋሻዋን ገልብጠው ጀርባዋን አዩና «ለአንድ ልጅ እንኳ አትበቃም» አሉ፤ ግን ካርቱም እስክንለቅ ከእጃቸው አልወጣችም። ዑስማን ደግሞ ስንሄድ በወረቀት የጠቀለሉትን እፍኝ ነጫጭ ጠጠር ሰጧቸው። እማሆይ ሊያማትቡባቸው እጃቸውን ከፍ አደረጉና፣ የሰውየው እስልምና ትዝ ብሏቸው፣ በዚያው እጅ ትከሻቸውን ዳበሱ።

ከተማችን መካነ ኢየሱስ ስንገባ አቶ ተክሌ በቅሎ ይዘው መንገድ ላይ ጠበቁን። በቅሎዋን ለእማሆይ ነበር ያመጡት፤ የተቀመጠችባት ግን ውብነሽ ናት፣ እማሆይ በእግሬ ነው ብለው እምቢ ስላሉ። አቶ ተክሌ ሉጓሙን ይዘው ልጃቸውን እየመሩ በገበያው መሐል አለፉ። እንዴት ነበር ብለው ሲጠይቁ እማሆይ «ልጅህን ዝም ብለህ አስተምራት» አሉ እንጂ ሌላ ነገር አልነገሯቸውም። ውብነሽ ተምራ ወገዳ የሒሳብ አስተማሪ ሆነች።

እማሆይ ያረፉት በ1965 ዓ.ም. በጥቅምት ነው። ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት፣ ከባሕር ዳር ለእረፍት መጥቼ ሳለ ነው። ዓይናቸው ደክሞ ነበር፤ ተዋጊዎቹን በጣታቸው እየዳሰሱ ነው የሚያውቁ። እኔ አዘንኩላቸውና ፊሌን አውቄ አስበላኋቸው። ጣታቸው ገበታው ላይ ቆመ።

«ቢሻው፣ እንዲህ ያለ ነገር አስተምሬህ አላውቅም። ደርድር እንደገና።»

ደረደርኩ። ሦስት ጊዜ ተጫወትን፤ በሦስቱም ተሸነፍኩ፤ በሦስቱም አፋቸውን ሞልተው ሰደቡኝ። ልሄድ ስነሳ ዝናብ ጀመረ። ከምድጃው ዳር ሽምብራ ቆሎ አምጥተው ከፊቴ አስቀመጡና ዝናቡ እስኪያባራ አልለቀቁኝም።